የሮታሪ ፋውንዴሽን ገንዘብ፦ ክለቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሮታሪ ክለብ ስብሰባ ላይ አንድ የፕሮጀክት ሐሳብ ሲነሳ ተከትላ የምትመጣ አባባል አለች። «ለፋውንዴሽኑ እንጻፍና ይስጡን።» የውሃ ጉድጓድም ይሁን የትምህርት ቤት ወንበር፣ መልሱ ያው ነው። ይህችን አባባል በሰማሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ሮታሪ ፋውንዴሽን የሮታሪ ክለቦች የጋራ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው፤ ሰጪዎቹም እኛው አባላቱ ነንና።

በክለቤ የፋውንዴሽን ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከታች ያሉትን ስህተቶች ሌሎች ሲሠሯቸው አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። አዲስ የሚገቡ አባላት እንዳይደግሟቸው ብዬ ነው የምጽፈው። «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡን «የፈረንጅ ገንዘብ» ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከሌሎቹ አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚህ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1917 ነው። የክሊቭላንዱ አርክ ክላምፍ በወቅቱ የሮታሪ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በአትላንታው ጉባኤ ላይ ለዓለም በጎ ሥራ የሚውል ቋሚ ገንዘብ ይቋቋም ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። የመጀመሪያው መዋጮ የመጣው ከካንሳስ ሲቲ ክለብ ነው። 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ፈንዱ «ሮታሪ ፋውንዴሽን» የሚለውን ስም ያገኘው በ1928 ነው። የመጀመሪያ ድጋፉን የሰጠው ደግሞ በ1930፣ አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ለሚረዳ ማኅበር ሲሆን፣ መጠኑ 500 ዶላር ነበር። አንድ ባለጠጋ ቼክ ፈርሞ ያቋቋመው አይደለም። ጠብ ጠብ እያለ የተጠራቀመ የአባላት ገንዘብ ነው።

ዛሬም አሠራሩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። አባላት ለዓመታዊ ፈንዱ የሚሰጡት ገንዘብ ወዲያው አይከፋፈልም። ለሦስት ዓመት ኢንቨስት ተደርጎ ይቆያል። ሦስት ዓመቱ ሲሞላ 47.5 በመቶው ወደ ራሳችሁ ዲስትሪክት፣ ማለትም ክለባችሁ ወደታቀፈበት የክለቦች ስብስብ፣ ይመለሳል። ሌላው 47.5 በመቶ የዓለም ፈንድ ወደሚባለው ቋት ይገባል። የቀረው 5 በመቶ ለሥራ ማስኬጃ ነው።

በቁጥር እንየው። 40 አባላት ያሉት ክለብ አለ እንበል። እያንዳንዱ በዓመት 25 ዶላር ቢሰጥ 1,000 ዶላር ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ 475 ዶላሩ ዲስትሪክቱ እጅ ይገባል፤ 475ቱ ደግሞ የዓለም ፈንድ ውስጥ ይጠብቃችኋል። ዘንድሮ ካልሰጣችሁ ጉድለቱ የሚታየው ዘንድሮ አይደለም። ባዶ ካዝና የሚረከበው ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው አመራር ነው። ዕቁብ የሚጥል ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ዕጣው እስኪደርስ መጣል አለ፤ ሳይጥሉ ዕጣ መጠበቅ ደግሞ የለም።

25 ዶላር ዛሬ በብር ሲመነዘር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ገና ሥራ የጀመረ ወጣት አባል አምስት ዶላር ቢሰጥ በቂ ነው። ዋናው ሁሉም እጁን መክተቱ ነው። ሁለት ሀብታም አባላት የሁሉንም ሲሸፍኑ፣ የቀሩት ገንዘቡን የራሳቸው አድርገው አያዩትም። ያኔ የሚከታተለውም ሰው ይጠፋል።

ለምን እንደሰጡ ሳያውቁ መስጠት

የክለብ ዓመታዊ ክፍያና ለፋውንዴሽኑ የሚሰጥ ገንዘብ የተለያዩ ናቸው። ክፍያው የአባልነት ነው። ለፋውንዴሽኑ የሚሰጠው ግን ልገሳ ነው። «ከፍያለሁ እኮ!» የሚል አባል ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

ልገሳውም ቢሆን መንገዱ ብዙ ነው። ወደ ዓመታዊ ፈንዱ የገባው ከላይ እንዳልኩት ይመለሳል። ለፖሊዮ የተሰጠው ለፖሊዮ ብቻ ይውላል፤ ለእናንተ ዲስትሪክት ድርሻ ሆኖ አይመለስም። ወደ ቋሚ ፈንዱ የገባው ዋናው አይነካም፣ ትርፉ ብቻ ነው የሚወጣው። ቅጹ ላይ የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳደረጋችሁ እዩ። በሮታሪ መሥራች ስም የተሰየመው የፖል ሃሪስ ፌሎው ፒን 1,000 ዶላር ለሰጠ ወይም በስሙ ለተሰጠለት ሰው ይሰጣል፤ ደስ የሚል ምስጋና ነው። ፒኑ ሲገኝ ልገሳው የሚቆምበት ክለብ ግን አጋጥሞኛል።

«ፖሊዮ አልቋል» ማለት

ይሄን የምሰማው ከራሳችን ሰዎች በመሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ። ሮታሪ የፖሊዮ ዘመቻውን በ1985 ሲጀምር ዕቅዱ 120 ሚሊዮን ዶላር ማሰባሰብ ነበር። በ1988 ከአባላት የተሰበሰበው 247 ሚሊዮን ሆነ። በዚያው ዓመት የዓለም ዘመቻ ሲታወጅ ፖሊዮ በየዓመቱ ወደ 350,000 ሰው ያሽመደምድ ነበር። ነሐሴ 2020 ላይ አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። ቫይረሱ ግን በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አልጠፋም። ጠፋ ከተባለበት እንደሚመለስ ደግሞ እኛ አይተነዋል። በ2013 ከሶማሊያ በኩል ተሻግሮ በሶማሌ ክልላችን ሕፃናትን ይዟል።

ትውልደ ኢትዮጵያዊው የሲያትል ሮታሪያን (የሮታሪ ክለብ አባል) ዕዝራ ተሾመ ለዓመታት የአሜሪካ ሮታሪያንን እየመሩ ወደ አገራችን ይመጡ ነበር። ገንዘብ ሰጥተው ብቻ አልቀሩም። ከቤት ቤት እየዞሩ ጠብታውን ሰጥተዋል። እኛ እዚሁ ያለነው ከዚህ ያነሰ ልናደርግ አይገባም።

ፕሮጀክቱን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ መፍጠር

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ፋውንዴሽኑ ለግሎባል ግራንት፣ ማለትም ለትልልቅ ሥራዎች ለሚሰጠው ድጋፍ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የማኅበረሰቡን ፍላጎት አጥንታችሁ እንድታሳዩ ይጠይቃል። ብዙ ክለብ ይህን እንደ ቅጽ መሙላት ያየዋል። አንድ ቅዳሜ ሄዶ፣ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ሻይ ጠጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ከዚያ «ማኅበረሰቡ ውሃ እንደሚፈልግ አረጋግጠናል» ተብሎ ይጻፋል። ውሃ የማይፈልግ ማን አለ? ጥያቄው ሌላ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው የት ይገኛል? የውሃ ኮሚቴ አለ ወይ? ሴቶች አሉበት? በጀሪካን ስንት ሳንቲም ይከፈላል፣ ማንስ ይሰበስባል? ከዚህ በፊት የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ፣ ለምን ቆመ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ በደንብ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ የምታስተምረው እሷ ናት። መልሱን የምታገኙት ከሊቀመንበሩ ሳይሆን ጀሪካን ተሸክመው ከሚሄዱት ሴቶች ነው።

አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ ለጤና ተቋም የተላከ ዕቃ ስንረከብ ነበርኩ። ልከው የሰጡን ሰዎች ልባቸው ንጹሕ ነበር። መሣሪያዎቹ ግን በ110 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ። እዚህ መብራቱ 220 ነው። አንድ ባለሙያ አስቀድሞ ቢጠየቅ በአምስት ደቂቃ የሚታወቅ ነገር ነበር። ዕቃው ሸራ ለብሶ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ስህተቱን የሠራነው እኛ ተቀባዮቹ ነን። እነሱ «ምን ያስፈልጋችኋል?» ሲሉን «ያላችሁን ላኩ» ብለን ነበር።

ትንሹን ሥራ ለትልቅ ግራንት መለጠጥ

ዲስትሪክት ግራንት ለአነስተኛ ሥራ ነው። ዲስትሪክቱ ከሚመለስለት ድርሻ እስከ ግማሹን ለዚህ ሊያውል ይችላል። ግሎባል ግራንት ደግሞ ዝቅተኛው በጀቱ 30,000 ዶላር ነው። ከሰላም፣ ከበሽታ መከላከል፣ ከውሃና ንጽህና፣ ከእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ከትምህርት፣ ከኢኮኖሚ ልማት ወይም ከአካባቢ ጥበቃ በአንዱ ሥር መውደቅ አለበት። ሥራው ያለበት አገር ክለብና የሌላ አገር ክለብ በአንድነት ነው የሚያመለክቱት።

8,000 ዶላር የሚበቃውን ሥራ 30,000 ለማስገባት ሲባል ጀኔሬተር፣ ኮምፒዩተርና ሥልጠና ይጨመርበታል። ገምጋሚው ያያል። ባያይ እንኳ ጀኔሬተሩ ነዳጅ ይፈልጋል።

ሒሳቡንም ቀድማችሁ ሥሩ። በአሁኑ ደንብ የዓለም ፈንድ የሚጨምረው ከዲስትሪክት ድርሻ በሚመጣው ገንዘብ ላይ ነው፤ 80 በመቶ። ክለቡ በጥሬው ለሚያዋጣው አይጨምርም። ለምሳሌ ሁለቱ ዲስትሪክቶች 15,000 ቢመድቡ የዓለም ፈንድ 12,000 ይጨምራል። 3,000 ክለቦቹ ያዋጣሉ። 30,000 ሞላ። ክለቦቹ ያዋጡት በፋውንዴሽኑ በኩል ካለፈ 5 በመቶ ተጨማሪ ይጠየቃሉ፤ እዚህ ላይ 150 ዶላር ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ በጀት ውስጥ ካልገባች ግን በመጨረሻው ሳምንት ታሯሩጣለች።

ሳይፈቀድ ሥራ መጀመር

ፋውንዴሽኑ ቀድሞ የወጣን ወጪ አይመልስም። «ዝናብ ሳይገባ እንቆፍር» ብሎ የጀመረ ክለብ ወጪውን ራሱ ይሸከማል። በዚህ ላይ የፕሮፎርማ ዕድሜ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በበፊቱ ፕሮፎርማ የተሠራ በጀት ሁሉ ተበላሸ። ዋጋ ሰብስባችሁ ስድስት ወር ካለፈ እንደገና ጠይቁ።

ደረሰኝና ዝምድና

ለግራንቱ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል፤ ሁለት ፈራሚ ይኖረዋል። ሰነዱ ሁሉ ሥራው ካለቀ በኋላ አምስት ዓመት ይቀመጣል። ገንዘብ ያዥ ሲቀየር ካርቶኑም አብሮ ይተላለፍ፤ በቃለ ጉባኤ ይፈረምበት። ቢያንስ በዓመት አንዴ ሪፖርት አለ። የመጨረሻው ደግሞ ሥራው በተጠናቀቀ በሁለት ወር ውስጥ መግባት አለበት። ሪፖርት ያላስገባ ክለብ አዲስ ግራንት አያገኝም።

ዕቃ አቅራቢው የክለቡ አባል ከሆነስ? ከባዱ ነገር ይሄ ነው፤ እዚህ ሁላችንም እንተዋወቃለን። አባሉ ዝምድናውን አስቀድሞ ይናገር፤ ውሳኔው ላይ አይቀመጥ። በግራንት የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ዕድል ደግሞ ለሮታሪያን፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ አይሰጥም። ይሄን ለአንድ የቅርብ ጓደኛዬ መንገር ነበረብኝ። ለወራት አኩርፎኝ ነበር።

ቀኑን መርሳት

ለኛ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የሮታሪ ዓመት ግን ሰኔ 24 ይጀምራል። የሰባት ቀን ልዩነት ናት። ሰኔ 28 የገባ ልገሳ ለክለቡ ያለፈ ዓመት አይቆጠርም፤ ወደሚቀጥለው ይዞራል። ባንክ ቀን ይፈጃል፣ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይም አለ። የአባላትን ገንዘብ በግንቦት ሰብስቡ፣ ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ላኩት።