የድሮ የብር ሜካኒካል እርሳስ ሲሰበስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድሮ የብር እርሳስ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ሳምፕሰን ሞርዳን የሚለውን ስም ቶሎ ይሰማል። ይህ የለንደን ሰው ከጆን አይዛክ ሆኪንስ ጋር ሆኖ ሊዱ (የሚጽፈው ቀጭን ዘንግ) እየተገፋ ለሚወጣ እርሳስ በ1822 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፓተንት (የፈጠራ መብት) አስወጣ። ድርጅቱ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሠራ እርሳሶቹ ዛሬም ገበያ ላይ ይገኛሉ።

ትልቁ ስህተት ስም አይቶ ዓመት መገመት ነው። «ኤስ. ሞርዳን ኤንድ ኮ.» የሚል ጽሑፍ ያየ ሻጭ «የ1822 ነው» ብሎ ዋጋ ይሰቅላል። ሞርዳን በ1843 ሞቷል፤ ስሙ ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እርሳሶቹ ላይ ሲቀረጽ ኖሯል። ስለዚህ ማጉያ መነጽር ይያዙና ትንንሾቹን ማኅተሞች ይፈልጉ። የሚራመደው አንበሳ 92.5 በመቶ ብር መሆኑን፣ የነብሩ ራስ ለንደን መፈተሹን፣ ፊደሉ ዓመቱን ይነግርዎታል። ግብር መከፈሉን የሚያሳየው የነጋሢ ራስ ከ1890 በኋላ ቀርቷል። የሞርዳንና የጌብርኤል ሪድል ስም መነሻ ፊደላት አብረው ከተመቱ ደግሞ ሁለቱ በሽርክና ከሠሩበት ከ1823 እስከ 1836 ገደማ ካለው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ካገኙ አይልቀቁት።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንበሳው የለም ብሎ ጥሩ ዕቃ መተው። ብዙ የቪክቶሪያ ዘመን (የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችበት፣ 1837–1901) የሞርዳን እርሳሶች ብር ሆነው ሳለ የሠሪው ስም ብቻ ነው ያለባቸው። ማግኔት ማስጠጋትም ብዙ አይረዳም፤ በብር የተቀባ ናስም በማግኔት አይሳብም። ይልቅ ጫፉንና ጠርዙን ይዩ። እጅ የበዛበት ቦታ ቢጫ ካወጣ ቅብ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ውልወላ ነው። እርሳሱ ላይ በማሽን የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮች በተወለወሉ ቁጥር ይሳሳሉ፤ አንዴ ከጠፉ የሚመልሳቸው የለም። ብር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ደግሞ የባሰ ነው። ፈሳሹ ወደ ውስጥ ሰርጎ መዘውሩን ያበላሻል፣ በመስመሮቹ መሐል ያለውን ጥላም ይወስዳል። ቅርጹ የሚነበበው በዚያ ጥላ ነው! ጫፉ ላይ የማኅተም ድንጋይ ካለ የተያዘው በማጣበቂያ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ሊያላቅቀው ይችላል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ሊድ አላወጣ ብሎ እምቢ ያለውን እርሳስ በፒንሳ አይታገሉት። ብዙ ጊዜ ችግሩ አፉ ላይ ተሰብሮ የቀረ አሮጌ ሊድ ነው፤ በቀጭን ሽቦ ቀስ ብሎ ይወጣል። አዲስ ሊድ ሲገዙም አፉን ይለኩ። የዛሬዎቹ 0.5 እና 0.7 ሚሊ ሜትር ሊዶች ይቀጥናሉ። ለብዙዎቹ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እርሳሶች የሚሆነው 1.18 ሚሊ ሜትር ሲሆን አሁንም ይሸጣል። የቪክቶሪያ ዘመኖቹ ግን ውፍረታቸው ይለያያል።

የቀድሞ ባለቤት ስም ከተቀረጸበት አያስፍቁት፤ ብሩ ይሳሳል፣ ቦታው ይጎደጉዳል፣ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል።

ሲያስቀምጡ በላስቲክ (በጎማ ማሰሪያ) አያስሩት። ላስቲክ ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል፤ ሱፍም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱን ለብቻው በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።