በአሜሪካ ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆስፒታሊስትነት ወደ ኃላፊነት እንዴት ይኬዳል?

ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማንን ብቻ የሚከታተል ሀኪም አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሊስት ይባላል። ስሙ ብዙ ዕድሜ የለውም። ሮበርት ዋክተር እና ሊ ጎልድማን የተባሉ ሁለት ሀኪሞች እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባወጡት ጽሑፍ ነው የታወቀው። በ2003 የሬዚደንቶች፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሀኪሞች፣ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ80 እንዳይበልጥ ሲወሰን፣ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሬዚደንት የማይደርስላቸውን ሕሙማን የሚይዝላቸው ሰው አጡ፤ ይህም ሆስፒታሊስቶችን በብዛት እንዲቀጥሩ ገፋቸው። ከአገራችን መጥተን እዚህ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ከጨረስነው ብዙዎቻችን እንጀራ የምንበላው በዚሁ ሥራ ነው።

ሙያው ወጣት በመሆኑ ኃላፊነት ፀጉር እስኪሸብት አያስጠብቅም። ዋክተር ራሳቸው በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ትምህርት ክፍልን እስከመምራት ደርሰዋል። በ2014 ሰርጅን ጄኔራል፣ ማለትም ስለ ሕዝብ ጤና የሚናገሩ የአገሪቱ ዋና ሀኪም፣ ሆነው የተሾሙት ቪቬክ መርቲም ከዚያ በፊት ቦስተን ውስጥ ሆስፒታሊስት ነበሩ።

እኔ በሥራው 12ኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ አሁን 40 ያህል ሀኪሞች ያሉበት ክፍል ኃላፊ ነኝ። እዚህ ለመድረስ ግን ከሚገባው በላይ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያዘገየኝ ይሉኝታ ነው። እንዴት እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ በሰፊው እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ አንድ መንገድ ምረጡ

ማስተማር የሚወድ ሰው የሕክምና ተማሪዎችን ልምምድ ወይም የሬዚደንቶችን ፕሮግራም ወደ መምራት ይሄዳል። የሕክምና ጥራትና የሕሙማን ደኅንነት የሚያንገበግበው በጥራት ኃላፊነት በኩል ያልፋል። አልጋ፣ ተረኛና በጀት ማደላደል የሚሆንለት ከዋርድ ሜዲካል ዳይሬክተርነት ተነስቶ ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያም ቺፍ ሜዲካል ኦፊሰር የሚሏቸው የሆስፒታሉ ዋና ሀኪም እስከ መሆን ይደርሳል። በኮምፒውተር የሚያዘውን የሕሙማን መዝገብ በማሻሻል የሚያድጉም አሉ። ምርምር የሚፈልግ ግን ተጨማሪ ሥልጠናና የምርምር ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ በዕረፍት ሳምንት እየሰረቁ የሚሠሩት ምርምር ሩቅ አያደርስም።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አንዱን ያዙ። ለመምረጥ ከተቸገራችሁ፣ የትኛው ስብሰባ ሲያልቅ ሐሳቡ አብሯችሁ ቤት እንደሚገባ አስተውሉ።

ደረጃ 2፦ ዋርድ ላይ የሚታመን ሀኪም ሁኑ

ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሲጠራ የማይመልስ፣ ሕመምተኛ ሲወጣ የሚጻፈውን የዲስቻርጅ ሪፖርት ሳምንት የሚያሳድር ሀኪም ሰው አይመራም። ሹመት ሲታሰብ ኃላፊዎች የነርሶቹን አስተያየት ይጠይቃሉ።

ደረጃ 3፦ ሆስፒታሉን የሚያመውን ችግር ያዙ

የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁ ትንሽ ይሁን፤ ግን የሆስፒታሉ አስተዳዳሪዎች እንቅልፍ የሚያጡበት ይሁን። ለምሳሌ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2012 ጀምሮ፣ እንደ ልብ ድካምና የሳንባ ምች ባሉ ሕመሞች ታክመው ከወጡ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙ ሕሙማን የበዙበትን ሆስፒታል ይቀጣል። ቅጣቱ ሆስፒታሉ ከሜዲኬር ከሚያገኘው ክፍያ እስከ 3 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ሀኪም «የልብ ድካም ሕሙማኖቻችን ለምን ተመልሰው እንደሚመጡ 50 መዝገብ አገላብጬ አየሁ» ብሎ ቢመጣ ቢሮ ውስጥ ወንበር ይሳብለታል።

ሁለት ነገር እንዳትረሱ። ምንም ነገር ከመለወጣችሁ በፊት ያለውን ለክታችሁ መዝግቡ፤ የመነሻ ቁጥር የሌለው ፕሮጀክት መሻሻሉን ማሳየት አይችልም። ሌላው፣ ሥራው ሳይጀመር ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ አይአርቢ ለሚባለው፣ አጭር ማመልከቻ ላኩና «ይህ የጥራት ማሻሻያ ሥራ ነው» የሚል ደብዳቤ ተቀበሉ። አንድ ባልደረባዬ ይህን ሳያደርግ ዓመት ሙሉ ለፍቶ፣ ጽሑፉን ለጆርናል ሲልክ ደብዳቤውን ተጠየቀ። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሰጠው አላገኘም፤ ጽሑፉም ሳይወጣ ቀረ። ለአጻጻፉ ስኳየር የተባለውን የጥራት ሥራዎች መመሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተከተሉት።

ደረጃ 4፦ ከማዕረጉ በፊት ጊዜውን በጽሑፍ ተቀበሉ

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሰው ኮሪደር ላይ አስቁመው «ከዛሬ ጀምሮ የጥራት ኃላፊያችን አንቺ ነሽ» አሉኝ። እጅ ነሥቼ አመሰገንኩ። ስንት ሰዓት ይሰጠኛል፣ ስንት ተረኝነት ይቀነስልኛል ብዬ አልጠየቅኩም። ያደግኩት ታላቅ ሲሰጥ በሁለት እጅ ተቀበይ እየተባልኩ ነው፤ «ስንት?» ብሎ መጠየቅ ስግብግብነት መሰለኝ።

ያን ጊዜ ሰባት ቀን ሠርተን ሰባት ቀን እናርፍ ነበር። ማዕረጉን ከተቀበልኩ በኋላ ዕረፍት የሚባለው ሳምንት ጠፋ። ሰኞ ጠዋት የደኅንነት ኮሚቴ፣ ረቡዕ የሕሙማን መውደቅ ጉዳይ፣ ሐሙስ ከፋርማሲ ጋር ስብሰባ። ቀን መቁጠሪያዬን መለስ ብዬ ሳየው፣ በዓመቱ ከነበሩኝ 26 የዕረፍት ሳምንታት በ21ዱ ሆስፒታል ገብቻለሁ። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ አይታ «ዛሬም የእኛ ሳምንት አይደለም?» አለችኝ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ኃላፊው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። አዲሱ ኃላፊ በትሕትና ጠርቶኝ፣ እንዲህ የሚባል የሥራ መደብ መዝገብ ላይ እንደሌለ ነገረኝ። የእድገት ማመልከቻዬም ተመለሰ፤ ኮሚቴው ያየው ምንም ሰነድ አልነበረውም። ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ ወረቀት ላይ የለም።

ለምክር የሄድኩት ከእኔ በብዙ ዓመት ቀድመው ወደመጡ፣ ጋሼ እያልኩ ወደምጠራቸው አንድ የአገራችን ሀኪም ነበር። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው፣

«ልጄ፣ ወረቀቱ የታለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ወረቀት የለኝም። በቃል ነው።»

«ቤት ስትከራዪ በቃል ትከራያለሽ? ይሉኝታሽን ለሰርግና ለለቅሶ አቆዪው። እዚህ አገር አለመጠየቅ ትሕትና መሆኑን የሚያውቅልሽ የለም፤ አያስፈልጋትም ብለው ነው የሚያልፉሽ።»

ከዚያ ቀን በኋላ የማደርገው ይህን ነው፤ እናንተም አድርጉት።

በመጀመሪያ በፐርሰንት አትነጋገሩ፣ በተረኝነት ቁጥር ተነጋገሩ። ኃላፊዎች ጊዜን ኤፍቲኢ በሚሉት መለኪያ ይሰፍራሉ፤ 0.1 ማለት የአንድ ሙሉ ሠራተኛ አሥር በመቶ ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ግን በተረኝነት ካልተመነዘረ ምንም አይደለም። ሰባት ሠርቶ ሰባት የሚያርፍ ሰው በዓመት 26 ሳምንት በሰባት ቀን፣ 182 ተረኝነት አለው። ስለዚህ 0.1 ማለት 18 ተረኝነት ሲሆን 0.2 ደግሞ 36 ነው። እያንዳንዱ ተረኝነት 12 ሰዓት ከሆነ 36ቱ 432 ሰዓት ይሆናሉ፤ ቁም ነገር ያለው ፕሮጀክት የሚሠራበት ጊዜ ነው። የእናንተ ክፍል ሌላ ቁጥር ካለው በራሳችሁ ቁጥር አስሉት።

ቀጥሎ የትኞቹ ተረኝነቶች እንደሚቀነሱ ጠይቁ። እኔ በመጨረሻ 0.15 ሲሰጠኝ፣ የተነሱልኝ በሙሉ የማክሰኞና የረቡዕ ቀኖች ነበሩ። ቅዳሜ፣ እሑድና ሌሊቱ እንዳሉ ቀሩ፤ በወረቀት የቀለለው ሥራ ቤት ውስጥ ከበፊቱ ከበደ። ሌሊቱም ቅዳሜና እሑዱም በዚያው መጠን ይቀነሱ። የታመመ ባልደረባ ሲኖር ለመተካት የሚያዘው ተጠባባቂነትም እንደዚያው።

ከዚያ በዚያው ቀን ኢሜይል ጻፉ። እንዲህ ያለ ይበቃል፦ «ዛሬ ስለተነጋገርነው አመሰግናለሁ። እንደተረዳሁት ከሐምሌ 1 ጀምሮ የጥራት ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ፤ ለዚህም በዓመት 36 ተረኝነት፣ ሌሊትና ቅዳሜ እሑድን በተመጣጣኝ ጨምሮ፣ ይቀነስልኛል። ተጠሪነቴ ለእርስዎ ነው። ከ12 ወር በኋላ ውጤቱን አብረን እንገመግማለን። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።» መልስ ሲመጣ ኮፒውን በግል ፋይላችሁ አስቀምጡ። ሰው ይሄዳል፣ ይለወጣል፤ ኢሜይሉ ይቀራል። ዋናው ኮንትራት ሲታደስ ደግሞ ይኸው ቃል እንዲገባበት ጠይቁ።

«አሁን በጀት የለም» ከተባላችሁ፣ ሥራውን አሳንሳችሁ ተቀበሉ። «እንግዲያው በዚህ ዓመት አንድ ዋርድ ላይ ብቻ ልሥራ» በሉ። ማዕረጉን ሙሉ፣ ጊዜውን ባዶ አትቀበሉ። መልሱ ሁለት ዓመት በተከታታይ «በጀት የለም» ከሆነ ሌላ ሆስፒታል መጠየቅ ነውር የለውም።

ደረጃ 5፦ ዓርብ ዓርብ 15 ደቂቃ ለሰነድ

ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰር የሚያሳድገው ኮሚቴ የሚያየው ወረቀት ነው። ያስተማራችሁትን፣ ቀኑን፣ የሰሚውን ቁጥር፣ የተሰጣችሁን ግምገማ፣ የጻፋችሁትን የሕክምና መመሪያ፣ የገባችሁበትን ኮሚቴ፣ ፕሮጀክቱ ያመጣውን ለውጥ በቁጥር መዝግቡ። ለዚህ አፕ አያስፈልግም፤ አንድ ፎልደርና አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል። ደግሞ ኮሚቴው ከእናንተ ጋር ሠርተው ከማያውቁ የውጭ ፕሮፌሰሮች የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከሆስፒታላችሁ ውጭ ስማችሁ መታወቅ አለበት። የሆስፒታሊስቶች ማኅበር የሆነው የሶሳይቲ ኦፍ ሆስፒታል ሜዲስን ዓመታዊ ጉባኤ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። ማኅበሩ የአመራር ሥልጠናም አለው፤ ገና ለጀመሩ መምህራን ደግሞ አካዳሚክ ሆስፒታሊስት አካዳሚ የሚባለው አጭር ሥልጠና ከብዙ ወር ንባብ ይሻላል።

ኤምቢኤን፣ የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሱን፣ በሚመለከት ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ ሆስፒታሉ ካልከፈለላችሁ ገና የክፍል ኃላፊ ሳትሆኑ አትግቡበት። ዲግሪው የመጨረሻዎቹ ወንበሮች ላይ ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ላይ ግን የሚያስፈልገው በጀት ማንበብና ስብሰባ መምራት ነው፣ ሁለቱም ሥራ ላይ ይለመዳሉ።

ቪዛ ላይ ላላችሁ

ጄ ዋን በሚባለው የሥልጠና ቪዛ መጥታችሁ፣ ሁለት ዓመት ወደ አገር የመመለስ ግዴታውን በኮንራድ 30 ፕሮግራም አስነስታችሁ ሦስት ዓመት እያገለገላችሁ ከሆነ፣ ግዴታችሁ የሙሉ ጊዜ ሕክምና መስጠት ነው። ደረጃ 4 ላይ ያልኩትን የተረኝነት ቅነሳ ከመጠየቃችሁ በፊት ኮንትራታችሁን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ያላችሁም የሥራ ድርሻችሁ በጣም ከተለወጠ ለመንግሥት ማሳወቅ ሊያስፈልግ ስለሚችል ቀድማችሁ አማክሩ። ሦስቱን ዓመት ደረጃ 3ን በትንሹ ለመጀመርና ሰነድ ለመሰብሰብ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 6፦ ለክፍል ኃላፊነት ስትጠየቁ

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። በአብዛኛው ሆስፒታሊስቶች ከኢንሹራንስ የሚያስገቡት ክፍያ ደመወዛቸውን አይሸፍንም፤ ጉድለቱን ሆስፒታሉ ይደጉማል። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ድጎማውን የሚፈርመው ማን እንደሆነ፣ ስምምነቱ መቼ እንደሚያበቃ፣ ሕሙማን ሲበዙ ሰው መጨመር የሚችለው ማን እንደሆነ ሳታውቁ ወንበሩን አትቀበሉ። ጸሐፊና የመርሐ ግብር ሠራተኛ መኖራቸውንም ጠይቁ፤ ያለ እነሱ የምትሆኑት የተረኛ ዝርዝር አዘጋጅ ነው።

ሕሙማን ማየት ፈጽሞ አታቁሙ። እኔ በዓመት ስምንት ሳምንት ዋርድ ላይ ነኝ፤ ከነዚህ አንዱ ታኅሣሥ 25 የሚውልበት የፈረንጆች ገና ሳምንት ነው። ክፍሉን ስረከብ በየዓመቱ ሰው የሚኮራረፍበት ሳምንት ያ ነበር። የመጀመሪያውን መርሐ ግብር ሳወጣ በዚያ ሳምንት ላይ ቀድሜ የራሴን ስም ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ፣ የእኛ ገና በፈረንጆቹ ጥር 7 መሆኑን ነገርኩት። አሁን ጥር ሲደርስ ሳልጠይቅ ያችን ቀን ወስዶ ስሙን የሚጽፍልኝ እሱ ነው።