አጉሊ ቃላትን በዕድሜና በጾታ ስናነጻጽር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

"በጣም"፣ "እጅግ" እና "ክፉኛ" የመሳሰሉ አጉሊ ቃላትን ማን አብዝቶ እንደሚጠቀም ለማወቅ ንግግር ቀድቶ መቁጠር የሚበቃ ይመስላል። ቆጠራው ግን በቀላሉ ያሳስታል።

ቀዳሚው ስህተት ግምትን እንደ ግኝት መያዝ ነው። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1922 እ.ኤ.አ. ሴቶች ማጋነን ይወዳሉ ሲሉ፣ አሜሪካዊቷ ሮቢን ሌኮፍም በ1970ዎቹ "በጣም" እንደ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው "ሶ" (so) በሴቶች ንግግር ይበዛል ሲሉ፣ የተነሡት ከራሳቸው ምልከታ እንጂ ከተቀዳ ንግግር ቆጠራ አልነበረም። እኛም ዘንድ "ውይ ሲያምር!" የሴት አነጋገር ነው ይባላል፤ ወንዶች ጥሩ ግብ ባዩ ቁጥር "ሲያምር!" ማለታቸውን ግን ልብ የሚል የለም።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስተው የተባለውን ብቻ ቆጥሮ ያልተባለውን መተው ነው። ለምሳሌ አንዲት ወጣት 40 ጊዜ፣ አንድ አዛውንት ደግሞ 10 ጊዜ "በጣም" ቢሉ፣ ወጣቷ አራት እጥፍ ታጎላለች ለማለት ያስቸኩላል። ነገር ግን እርሷ የተናገረቻቸው ቅጽሎች 200፣ የእርሳቸው ደግሞ 50 ከሆኑ፣ የሁለቱም መጠን 20 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ የወሬ መርዘም ብቻ ይሆናል። የቋንቋ አጥኚዎቹ ሪካ ኢቶና ሳሊ ታልያሞንቴ በእንግሊዝ አገር የዮርክ ከተማ ነዋሪዎችን ንግግር አጥንተው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ አጉሊ ቃል ያልቀደማቸውን ቅጽሎች ጭምር ቆጥረዋል፤ በዚህም ሁለቱም "በጣም" እንደ ማለት ከሆኑት ቃላት አረጋውያኑ ወደ "ቬሪ" (very)፣ ወጣቶቹ ወደ "ሪሊ" (really) እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል።

ከዚህ ውጤት ተነሥቶ "ወጣቶቹ አዲስ ቃል ፈጠሩ" ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። በብሪታንያ ወጣቶች አፍ እንደ አዲስ የተሰማው አጉሊ ቃል "ዌል" (well) በጥንታዊው እንግሊዝኛም አጉሊ ነበር። በሌላ በኩል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ ንግግር፣ ወጣቱ ቃሉን ሲያረጅም ይዞት ይዝለቅ ወይም ሲጎለምስ ይተወው ለይቶ አይነግረንም።

አማርኛን የሚያጠና ሰው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው የእንግሊዝኛውን የቃላት ዝርዝር ተርጉሞ መነሣትን ነው። አማርኛ ማጉላቱን ብዙ ጊዜ ለግሡ ይሰጠዋል፤ ሰው "ጥንብዝ ብሎ" ይሰክራል፣ ሥጋው "ሙክክ ብሎ" ይበስላል፣ ሸክላው ተሰበረ ብቻ ሳይሆን "ተሰባበረ" ይባላል። "በጣም"ን ብቻ የቆጠረ አጥኚ እነዚህን ሁሉ ይጥላል፤ አንዱ የዕድሜ ክልል እነዚህን የሚያዘወትር ከሆነም፣ የማያጎላ መስሎ ይመዘገባል።

የአነጋጋሪው ማንነትም መመዝገብ አለበት፤ ሴቶቹ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ፣ ወንዶቹ ደግሞ ከማያውቁት ጠያቂ ፊት ተቀምጠው ከተቀዱ፣ የተለካው ጾታ ይሁን መቀራረብ አይታወቅም። በመጨረሻም፣ "ደከመሽ እንዴ?" ለሚል ጥያቄ "በጣም!" ብላ የምትመልስ ሴት ያጎላችው ቅጽል ስለሌለ፣ ይህ "በጣም" ከቅጽል በፊት ከሚመጣው ተለይቶ መቆጠር ይኖርበታል።