የራስ አይፒ አድራሻ ከአፍሪኒክ እንዴት ይወጣል?

አንድ ባንክ ከሁለት አቅራቢዎች ኢንተርኔት የሚያስገባው አንዱ መስመር ሲቋረጥ ሌላው እንዲተካው ነው። አይፒው የአቅራቢው ከሆነ ግን አድራሻው ከተቋረጠው መስመር ጋር አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው የራስ አድራሻና የራስ ኤኤስ ቁጥር (ኔትወርኩ በኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር) ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ለክልሉ መዝጋቢ ነው። የዓለምን አይፒ አድራሻ የሚያስተዳድረው አያና አድራሻን ለአምስት መዝጋቢዎች ያከፋፍላል፦ አሪን ለሰሜን አሜሪካ፣ ላክኒክ ለላቲን አሜሪካ፣ አፕኒክ ለእስያና ፓስፊክ፣ ራይፕ ለአውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ፣ ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ለአፍሪካ። የአያና የአይፒቪ4 (የቀድሞው፣ ቁጥሩ የተወሰነው የአድራሻ ዓይነት) ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 አልቋል። አፍሪኒክም ከ2020 ጀምሮ በአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ከ/24 እስከ /22፣ ማለትም ከ256 እስከ 1,024 አድራሻ ነው።

መጀመሪያ ቆጠራ። ለቢሮ ኮምፒውተሮች በ10 የሚጀምረው የግል አድራሻ ይበቃል፤ ማንንም አያስጠይቅም። የሚቆጠረው ከውጭ የሚታየው ሰርቨር፣ ፋየርዎልና ቪፒኤን ነው። ከ/24፣ ማለትም ከ256 አድራሻ ያነሰ ክፍልን አብዛኛው ኔትወርክ አይቀበለውም። አዲሱን የአድራሻ ዓይነት፣ አይፒቪ6 /48፣ አብረው ይጠይቁ፤ እሱ እጥረት የለበትም።

ሰነዶቹ የድርጅቱ ሕጋዊ ምዝገባ፣ የኔትወርክ ንድፍ፣ የሚቀጥሉት 8 ወራት የአጠቃቀም ዕቅድና ለኤኤስ ቁጥሩ የሁለቱ አቅራቢዎች ውል ናቸው። ዕቅዱ ላይ «ለመጠባበቂያ» ብለው አይጻፉ፤ የሚሰጠው ለታየ ፍላጎት ነው። ጥያቄው ሲፈቀድ ውል ተፈርሞ ይከፈላል፣ ከዚያም በየዓመቱ። ሂሳቡ በዶላር ስለሆነ የውጭ ምንዛሪውን ገና ሲያመለክቱ ያስቡበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አድራሻው ከተሰጠው በኋላ ነው። አድራሻውን በቢጂፒ (ኔትወርኮች የትኛው አድራሻ በየት እንደሚገኝ በሚነጋገሩበት ዘዴ) ከማስተዋወቅዎ በፊት በአፍሪኒክ መግቢያ ገጽ ሦስት ነገር ያስመዝግቡ።

አንደኛው አድራሻው ከየትኛው ኤኤስ እንደሚነሳ የሚገልጸው የራውት መዝገብ ነው፤ አቅራቢዎች ማጣሪያቸውን የሚሠሩት ከሱ ነው። ሁለተኛው አርኦኤ ነው፤ ይህን አድራሻ ማስተዋወቅ የሚችለው የትኛው ኤኤስ እንደሆነ በፊርማ ያረጋግጣል። ለ/22 ብቻ ፈርመው /24 ቢያስተዋውቁ ማስታወቂያው «ልክ ያልሆነ» ይባላል፤ ትልልቅ ኔትወርኮችም ይጥሉታል። የሚያስከፋው ደግሞ ከግማሹ ዓለም እየሠራ ከግማሹ ስለማይሠራ ጥፋቱን ራውተር ላይ ሲፈልጉ መዋልዎ ነው። ከፍተኛውን ርዝመት (አርኦኤው እስከ ምን ያህል ትንሽ ክፍል እንደሚፈቅድ) ከማስፋት ይልቅ ለሚያስተዋውቁት ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ መፈረም ይሻላል። ሦስተኛው ከአይፒ ቁጥሩ ስሙን የሚያሳየው የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ ነው፤ እሱ ከሌለ የላኩት ኢሜይል ብዙ ቦታ ይመለሳል።

በመጨረሻ አንዱን መስመር ነቅለው፣ ከሀገር ውጭ ካለ ሰርቨር አድራሻው ይመልስ እንደሆነ ይሞክሩ፤ ከዚያ ሁለተኛውን።