በሁለት ውድድሮች መካከል እርግቦችን ማሠልጠን

ቅዳሜ ከሩቅ ተለቃ ወደ ቤቷ የመብረር ውድድር ተወዳድራ የገባች እርግብ እሑድ ልምምድ አያስፈልጋትም። ኤሌክትሮላይት (የማዕድን ጨዎች ድብልቅ) ያለበት ውኃ፣ መታጠቢያ ገንዳና ገብስ የሚበዛበት ቀላል መኖ ይበቃታል።

ከሰኞ ወይም ከማክሰኞ ጀምሮ ጠዋትና ማታ በቤታቸው ዙሪያ ይብረሩ። የምትለቋቸው ከመኖ በፊት ነው፤ የጠገበች እርግብ ጣሪያ ላይ ታርፋለች፣ ብትጠሯትም ቶሎ አትገባም። ሳይገደዱ ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ከበረሩ ድካሙ ለቋቸዋል። በ10 ደቂቃ የሚያርፉ ከሆነ ግን እባካችሁ በጨርቅ እያባረራችሁ አታስገድዷቸው። ወይ ድካሙ አልለቀቃቸውም፣ ወይ ታመዋል። ጉሮሯቸውን ከፍታችሁ እዩ፣ ኩሳቸውንም ተመልከቱ፦ ጤነኛው ጠጠር ያለና ጫፉ ነጭ ነው፤ ውኃ የሆነ አረንጓዴ ኩስ ካያችሁ ልምምዱን አቁሙ።

ረቡዕ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ወስዶ መልቀቅ ጥሩ ነው፤ ያለፈው ውድድር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከነበረ ወይም ነፋስ ከፊት እየገፋቸው ከተመለሱ ግን ይቅር። ጭጋግ ካለም እስኪገለጥ ጠብቁ፤ የደከመች ወፍ በጭጋግ ስትለቀቅ በቀላሉ ትጠፋለች።

መኖው ለአንድ እርግብ በቀን 30 ግራም ገደማ ነው። ረጅም በረራ የሚነዳው በስብ ስለሆነ ከሐሙስ ጀምሮ በቆሎ ጨምሩ፣ ጥቂት ጥሬ ኦቾሎኒም። ይህን ሰኞ ከጀመራችሁት ይከብዳሉ፣ መብረርም ይሰንፋሉ። ከቀጣዩ ውድድር በፊት በመጨረሻው ቀን ልምምዱ አጭር ይሁን፤ ወደ ውድድሩ የሚጓጓዙበት ሣጥን እስኪገቡ ውኃ አይለያቸው።