የእንግሊዝ ገጠር መንደርን ታሪክ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቶቹ ርቆ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ካዩና ምክንያቱን ከጠየቁ፣ የአካባቢው ሰው መልስ ዝግጁ ነው፦ «ወረርሽኝ ጨረሳቸው»። የመጀመሪያው ስህተት ይህን ሰምቶ እንደ ወረደ መጻፍ ነው። በዮርክሻየር የሚገኘው ዋራም ፐርሲ ዛሬ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያንና ሣር የዋጣቸው የቤት መሠረቶች የቀሩበት መንደር ነው። ሞሪስ ቤረስፎርድና ጆን ኸርስት የመሩት ቁፋሮ ከ1950 እስከ 1990 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አርባ ዓመት ፈጅቷል። መንደሩ ከ1348–49ኙ ታላቅ ወረርሽኝ ተርፎ ነበር። ያጠፋው በግ ነው። ሱፍ ከእህል የበለጠ ሲያዋጣ ባለርስቶቹ እርሻውን ግጦሽ አደረጉት፤ የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦችም በ1500 ገደማ ተፈናቀሉ።

በደርቢሻየር ያለችው ኢም ግን በ1665 እና 1666 ወረርሽኙ ቤት ለቤት ዞሮባታል። ካህኑ ዊልያም ሞምፐሰን ሕዝቡን አሳምነው መንደሯን ዘጉ። ነዋሪዎቹ የምግብ ዋጋ የሚሆነውን ሳንቲም በወሰን ድንጋይ ላይ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች፣ ኮምጣጤ ውስጥ ነክረው ያስቀምጡ ነበር። ኤሊዛቤት ሃንኮክ በኦገስት 1666፣ በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች። ኢም ዛሬም ሰው ይኖርባታል። በሽታው ያደቀቃት መንደር ቆማ፣ ከበሽታው የተረፈው ጠፋ።

ሁለተኛው ስህተት «መንደሩ በ1086 ተመሠረተ» ማለት ነው። ይህ ዓመት የሚመጣው እንግሊዝን በጦር የያዘው ንጉሥ፣ ድል አድራጊው ዊልያም፣ ካሠራው የዱምዝዴይ መዝገብ ነው። የንጉሡ ሰዎች የጠየቁት መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ስንት ጥማድ በሬ እንደሚያርስና ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። ዓላማው ግብርና ይዞታ ስለነበር የመንደሩን ልደት አይነግረንም። የቆጠረውም በአብዛኛው አባወራውን ነው፤ «ሃያ ሰው ነበረ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሚስቶችንና ልጆችን ሁሉ ሰረዛቸው ማለት ነው።

ዓመተ ምሕረትና የፈረንጅ ዘመን እያምታታ ላደገ አንባቢ የሚቀጥለው አዲስ አይሆንም። የሰበካ መዝገብ፣ ማለትም የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ፣ በ1538 በወጣ ትእዛዝ ተጀመረ። እስከ 1752 ድረስ ግን የእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ከዲሴምበር 1665 ቀጥሎ ጃንዋሪ 1665 ተጽፎ ሲያዩ ጸሐፊውን አይውቀሱ፤ በእኛ ዘመን አነጋገር 1666 መግባቱ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው በጁን 1665 የተጠመቀውን ሕፃን በፌብሩዋሪ 1665 ሲቀበር ያገኘውና ሳይወለድ ይገድለዋል። በ1752 ደግሞ አቆጣጠሩ ሲቀየር ከሴፕቴምበር 2 ማግስት 14 ሆኗል፤ በመካከል ያሉትን ቀናት በመዝገብ አይፈልጓቸው።

የ1841 ሕዝብ ቆጠራ ስም በስም ስለሚዘረዝር ያጓጓል። ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ዕድሜ ግን ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት እንዲያወርዱ ቆጣሪዎቹ ታዘው ነበር። 44 ዓመት የሞላው ገበሬ 40 ተብሎ ይገኛል። የልደት ዓመቱን ከዚህ ቀንሰው አያስሉ፤ የ1851ዱን ቆጠራም ያስተያዩ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣ የእንግሊዝ መንደር ስም ካወጡት መካከል ከጀርመን ምድር የመጡት ሳክሶኖችና ከዴንማርክ የመጡት ዴኖች አሉበት። መጨረሻው «ቢ» የሆነ ስም ብዙ ጊዜ የዴኖች ነው። ቢሆንም ዛሬ በሚጻፍበት ፊደል ብቻ ትርጉም ከመገመት የቆየውን አጻጻፍ መፈለግ ይሻላል። በበር ጉበን ላይ የተቀረጸ ዓመትም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ የታደሰበትን ወይም ባለቤቶቹ የተጋቡበትን ሊያመለክት ይችላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ በመቃብር ስፍራ የሽቦ ብሩሽ ይዞ የሚገባ ሰው ነው። በመቃብር ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት ፍቆ ስሙን አነባለሁ ሲል የድንጋዩን ገጽ ከነፊደሉ ይልጠዋል። ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ይምጡ፤ ያ ካልተመቸ የእጅ ባትሪ ከጎን ያብሩበት። ጥላው ፊደሉን አንድ በአንድ ያወጣልዎታል።