ከባሕር ዳር እስከ አሶሳ፦ የበረራ ርቀትንና የጉዞ ጊዜን እንዴት ማስላት ይቻላል?

ከጎጃም ተነሥቶ በአውሮፕላን ወደ አሶሳ መሄድ የሚፈልግ ሰው ሁለት ርቀቶችን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ አንደኛው በካርታ ላይ በቀጥታ የሚለካው፣ ሁለተኛው ደግሞ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚበረው ነው። የብዙ መንገደኛ ዕቅድ የሚፋለሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን በመዘንጋት ነው።

ቀጥታውን ርቀት ለማግኘት በቅድሚያ የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ከስልክዎ ካርታ ላይ ይመዝግቡ። የባሕር ዳሩ በ11.61 ዲግሪ ሰሜንና በ37.32 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የአሶሳው በ10.02 ዲግሪ ሰሜንና በ34.59 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ በእኛ አካባቢ ወደ 109 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ የ1.59 ዲግሪው ልዩነት 176፣ የ2.73 ዲግሪው ደግሞ 298 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ አባዝተው ይደምሩና በካልኩሌተሩ የ√ ምልክት የድምሩን ዳግም ዘር ያውጡ፤ 346 ኪሎ ሜትር ያህል ያገኛሉ። መስመሩ በዳንግላ አቅራቢያ አልፎ፣ መተከልን አቋርጦና አባይን ተሻግሮ አሶሳ ይደርሳል። ይህ ስሌት በአገር ውስጥ ላለ ርቀት በቂ ነው፤ አህጉር ለሚያቋርጥ በረራ ግን የምድርን ክብነት ከግምት ስለማያስገባ አይሆንም።

ቀጥሎ ጊዜው ይሰላል። በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚሠራው ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ርቀቱን ለ600 አካፍለው በመንደርደሪያው ላይ ለመንቀሳቀስ፣ ለመውጣትና ለመውረድ 25 ደቂቃ ይጨምሩበት። በዚህ ግምት ቀጥታው ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ይሁን እንጂ ትኬቱ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ስሌቱ ከመሠረቱ ይለወጣል። ከባሕር ዳር ቦሌ 333፣ ከቦሌ አሶሳ 477፣ በድምሩ 810 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከቀጥታው ርቀት እጥፍ በላይ ነው። በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ከሁሉ የሚከብደው ግን በቦሌ የሚጠበቀው ሰዓት ነው። ስለዚህ ትኬት ሲቆርጡ ከዋጋው አስቀድመው በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው እንዳያመልጥዎ ክፍተቱ እጅግ ጠባብ መሆን የለበትም። ትኬት ላይ 13:20 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7:20 መሆኑንም ለሚቀበልዎ ሰው በግልጽ ይንገሩት።

የደብረ ማርቆስና የአካባቢው ነዋሪ ሌላም ምርጫ አለው። ባሕር ዳር በመኪና 265 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ምዕራብ ከመብረር ይልቅ በደጀን በኩል የአባይን በረሃ ተሻግሮ ከቦሌ በአንድ በረራ አሶሳ መግባት በእኔ እምነት ይሻላል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥና ከበረራው በፊት በነበረው ቀን አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ግን የግድ ነው።